የፔኒሲሊን አለርጂ፦ በዘረ-መል ጥናትና በሕሙማን ካርድ መካከል

«ፔኒሲሊን አይስማማኝም» የሚለው አነጋገር በዲላም ሆነ በኮንጋ፣ በመላ አገራችንም፣ ብዙ ትርጉም ይሸከማል። ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ መርፌ ሲወጉ ራስን መሳት፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የጉሮሮ እብጠትና የትንፋሽ ማጠር ሁሉ በዚሁ አንድ ቃል ይገለጻሉ። ካርድ ላይ ሲሰፍር ግን ብዙ ጊዜ «የፔኒሲሊን አለርጂ» ተብሎ ብቻ ይጻፋል። የአለርጂን ዘረ-መላዊ መነሻ የሚመረምሩ ጥናቶችም የሚመዘኑት ከዚሁ ነጥብ ተነስተው ሊሆን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የሰው ዘረ-መል ማኅበር መጽሔት የወጣው ሰፊ ጥናት፣ በብሪታንያ፣ በኢስቶኒያና በአሜሪካ የሚገኙ፣ አውሮፓዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ከ600 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን መረጃ መርምሯል። ኤችኤልኤ-ቢ*55:01 የተባለውን ዓይነት የያዙ ሰዎች በፔኒሲሊን አለርጂ የመመዝገብ ዕድላቸው ወደ 1.4 እጥፍ ገደማ መሆኑንም አሳይቷል። የኤችኤልኤ ፕሮቲኖች ባዕድ ነገርን ለቲ-ሴሎች የሚያቀርቡ በመሆናቸው ግኝቱ የቲ-ሴሎችን ድርሻ ይጠቁማል፤ ይህም ቁም ነገር ነው። ድክመቱ ግን አለርጂ ያለበት ሰው የተለየው በምርመራ ሳይሆን በሕክምና መዝገብ መሆኑ ነው። ይህ ስያሜ ከተሰጣቸው ሰዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በአግባቡ ሲመረመሩ መድኃኒቱን ያለ ችግር እንደሚወስዱ ይታወቃል። በኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ አማካይነት የሚመጣው ፈጣን አለርጂም ቢሆን በ10 ዓመት ውስጥ 80 በመቶ ከሚሆኑት ይጠፋል። ስለዚህ ጥናቱ የለካው አለርጂውን ብቻ ሳይሆን ስያሜውንም ጭምር ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት የአባካቪር ጥናት ያስረዳል። ኤችኤልኤ-ቢ*57:01 ያላቸው አስቀድመው ተለይተው መድኃኒቱን እንዳይወስዱ ሲደረግ፣ በቆዳ ምርመራ የተረጋገጠው አለርጂ ከ2.7 በመቶ ወደ 0 ወረደ። በሐኪም ግምት የተመዘገበው ግን ከ7.8 ወደ 3.4 በመቶ ብቻ ዝቅ አለ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችን አብረው በሚወስዱ ኢትዮጵያውያን ላይ የሚደርሰው የጉበት ጉዳት ከኤችኤልኤ-ቢ*57 ጋር እንደሚዛመድ አመልክቷል። ጥናቱ ፔኒሲሊንን ባይመለከትም፣ ጉዳቱን በደም ምርመራ መለየቱና የራሳችንን ሕዝብ ማጥናቱ አርአያ ያደርገዋል።

ይርጋ ጨፌ ወረዳ ውስጥ በቡናዋ በምትታወቀው ኮንጋ የሚሠራ ባለሙያ ከዚህ ምን ይጠቀማል? የ1.4 እጥፍ ልዩነት ከፊቱ ለተቀመጠው አንድ ሕመምተኛ ውሳኔ አይሰጥም። ውሳኔ የሚሰጠው ጥያቄ ነው፦ የትኛው መድኃኒት ነበር? ከተወሰደ ከስንት ጊዜ በኋላ ምን ታየ? ምን ሕክምና ተሰጠ? ስንት ዓመት ሆነው? ከዚያ ወዲህ ፔኒሲሊን ወይም ዘመዱ የሆነው አሞክሲሲሊን ተወስዷልን? ሕመምተኛው የሚናገረው ጌዴኦኛ ከሆነ ጥያቄውም በጌዴኦኛ ሊቀርብ ይገባል።

ስያሜው የሚያስከትለው ዋጋ በሩማቲክ የልብ በሽታ ጎልቶ ይታያል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት ያለበት ልጅ በተሳሳተ ስያሜ ምክንያት ዋነኛ መከላከያውን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት 1,790 ሕሙማን 32,430 መርፌ ተወግተው አናፊላክሲስ የደረሰው በ4 ሰዎች ላይ ሲሆን፣ አንድ ሰው ሞቷል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ፣ የልብ ጉዳታቸው በጠና ሕሙማን ላይ ከመርፌው በኋላ የሚደርሰው ሞት ብዙውን ጊዜ ከአለርጂ ይልቅ ከልብ ድካሙ ሊመነጭ እንደሚችል ገልጾ፣ ለእነዚህ ሕሙማን የሚዋጥ መድኃኒት እንዲታሰብ መክሯል።

ይህ ማለት ጥንቃቄ ይቅር ማለት አይደለም። አናፊላክሲስ ወይም ቆዳን የሚልጥ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው በጤና ጣቢያ ደረጃ መድኃኒቱን ዳግም ሊሞክር አይገባም፤ አድሬናሊንም ከመርፌው ጎን መጥፋት የለበትም። ነገር ግን ካርዱ ላይ «አለርጂ» ከሚለው ቃል ጋር የመድኃኒቱ ስም፣ የታየው ምልክትና ዓመቱ ሊጻፉ ይገባል። በኢትዮጵያውያን ላይ ወደፊት የሚደረግ የዘረ-መል ጥናት የሚታመነው እነዚህ ሦስት ነገሮች ዛሬ በትክክል ከተመዘገቡ ብቻ ነው።