«ድንጋጤ ሞገድ» ወይስ «ደራሽ ሞገድ»?

በፈለክ ሳይንስ ትርጉሞች ውስጥ አልፎ አልፎ ከሚያጋጥሙን ስያሜዎች አንዱ «ድንጋጤ ሞገድ» ነው። ስያሜው የተገኘው ከባዕዱ ቃል ፍቺዎች መካከል ኋላ የመጣውን፣ ይኸውም የመንፈስ መታወክን በመውሰድ ነው። የቀደመው ፍቺ ግን ብርቱ ግጭት ነው፤ ሳይንሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አር አር ላይሬ የተባለው ባለትርታ ተለዋዋጭ ኮከብ በ13 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ አብጦ ይኮማተራል። ወደ ውስጥ በመውደቅ ላይ ያለውን የላይኛውን ጋዝ ከሥር የሚነሣ ሞገድ ይገጥመዋል። የሞገዱ ፍጥነት በዚያ ጋዝ ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት ስለሚበልጥ ጋዙ አስቀድሞ ገለል ለማለት ፋታ አያገኝም። ስለዚህ ግፊት፣ እፍጋትና ሙቀት በአንዲት ስስ ንጣፍ ላይ በድንገት ይጨምራሉ፤ የጋለው ሃይድሮጅንም የኮከቡ ድምቀት በሚጨምርበት ወቅት በስፔክትረሙ ላይ ደማቅ መስመር ሆኖ ይታያል።

በዚህ ሁሉ የሚደነግጥ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው አድባራት አንዱ በሆነው በደብረ ኤልያስ ያለ የቅኔ ተማሪ ግሱን ቢመረምር አስቀድሞ የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። የግእዙ «ደንገፀ» በዋና ፍቺው ነፍስ ያለውን ባለቤት ይሻል፤ ጋዝ ግን ነፍስ የለውም።

በበኩላችን «ደራሽ ሞገድ» እንዲባል እናሳስባለን። ከደብረ ኤልያስ ደጋ ወደ ዓባይ ቆላ በሚወርዱት ወንዞች ዳር የሚኖር ሰው ደራሽ ጎርፍን ያውቃል፦ በላይ ዘንቦ፣ በታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ውኃው ፊቱን እንደ ግድግዳ አቁሞ ሳይታሰብ ይደርሳል። የሞገዱ ዋና ጠባይ፣ ማለትም የፊቱ ቀጥ ማለትና ያለማስጠንቀቂያ መድረሱ፣ በዚህ ቃል ውስጥ አለ።

ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ «ደራሽ» ረዳትንም ያመለክታል የሚል ነው፤ ነገር ግን «ደራሽ ጎርፍ» ሲባል ረዳት የሚመስለው የለም። ሁለተኛው ይከብዳል፦ በግእዝ «ደረሰ» ማለት ድርሰት አዘጋጀ ነው፤ ለመድረስ «በጽሐ» አለ፤ ስለዚህ ስያሜው ከግእዝ ይውጣ የሚል ነው። እኛም ከግእዝ መበደርን አንነቅፍም። ሆኖም ሕያው የሆነው አማርኛ ነገሩን በዓይን የታየ አስመስሎ ሲገልጸው፣ መዝገብ ገልጦ ሌላ መሻት ለአንባቢ ሸክም መጨመር ነው።