ብዥታም ሙያ አለው

ጦር ኃይሎች፣ የቀላል ባቡሩ የምዕራብ መጨረሻ ጣቢያ አጠገብ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እህቴን ነጠላዋን እንደለበሰች ፎቶ አነሳኋት። ከኋላዋ የተኮለኮሉት ታክሲዎች የፍሬን መብራት ቀይ ክብ ክብ ሆኖ ተንሳፈፈ። ብዙ ሰው ስለ ሌንስ የሚጠይቀው «ጀርባውን ምን ያህል ያጠፋል?» ብሎ ነው። እኔ የማየው እንዴት እንደሚያጠፋው ነው። ጃፓኖች ለዚህ ጠባይ «ቦኬ» የሚል ቃል አላቸው።

የክቡን ጠርዝ ተመልከቱ። መሃሉ ደምቆ ወደ ዳር እየሳሳ ከሄደ፣ ከጎረቤቱ ክብ ጋር በእርጋታ ይዋሃዳል። ጠርዙ እንደ ቀለበት ከደመቀ ግን ከኋላ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ድርብ መስመር ይሆንና ዓይንን ከፊቷ ላይ ይነጥቃል። ነገሩ የሚመጣው በመስተዋቱ ዳርና በመሃሉ የሚያልፈው ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ ስለማይገናኝ ነው። ሠሪው ይህን ጉድለት ከልክ በላይ ሲያርመው የጀርባው ብዥታ ይሻክራል፤ ጥቂት ሲተውለት ይለሰልሳል። ምን ያህሉን መተው እንዳለበት ማወቁ ነው ሙያው፤ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝም ይኸው ነው።

የብርሃን ቀዳዳውን የሚያጠብቡት የብረት ቅጠሎችም ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የካነን 50 ሚሊ ሜትር f/1.8 ሌንስ አምስት ቅጠል ብቻ ስለነበረው፣ ቀዳዳው ጠበብ ሲል መብራቱን ሁሉ ባለ አምስት ማዕዘን ያደርገዋል። በ2015 የተካው ሌንስ ሰባት ክብ ቅጠሎች አሉት፤ ልዩነቱ በአንድ ፎቶ ይታያል።

በእጄ የነበረው ግን ሄሊዮስ 44-2 ነው፤ በጀርመኑ ቢዮታር ንድፍ የተሠራ የሶቪየት ሌንስ፣ 58 ሚሊ ሜትር። ወደ ፎቶው ጥግ የቀረቡት ክቦች የስንዴ ፍሬ መስለው ፊቷን ይዞራሉ፤ ገደድ ብሎ የመጣውን ብርሃን የሌንሱ አካል ከዳር ስለሚቆርጠው ነው። እንከን ነው፤ እኔ ግን እወደዋለሁ።

በስልክም አነሳኋት። ስልኩ ብዥታውን በስሌት ስለሚሠራው የነጠላዋን ዘርፍ ከታክሲዎቹ ጋር አብሮ አጠፋው። በሄሊዮሱ ፎቶ ላይ ክሩ እየራቀ በሄደ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ እየላላ ይሄዳል።

ሌንስ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ሲመሽ ይዛችሁት ጦር ኃይሎች ውጡ። አጠገባችሁ ያለ ነገር ላይ ፎከስ አድርጉና ከኋላው ያሉትን የታክሲ መብራቶች ጠርዝ እዩ።