የሚዞራም እናቶች እፍኝ

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በሚዞራም ኮረብታዎች፣ አንዲት እናት ለቤተሰቧ ሩዝ ስትሰፍር በቅድሚያ አንድ እፍኝ ዘግና ለብቻው ባስቀመጠችው ዕቃ ትጨምራለች። የቀረውን ትቀቅላለች። ለሚቀጥለው ማዕድም እንዲሁ። የተጠራቀመው ሩዝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ወንጌላውያንን ወደ ሌሎች የሕንድ ግዛቶች፣ ከዚያም አልፎ ወደ ውጭ አገር ለመላክ ይውላል።

ይህን ሥርዓት “ቡህፋይ ታም” ይሉታል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ በዚያ ሊኖር የመጣው የመጀመሪያው የዌልስ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናዊ ከደረሰ ገና በ13 ዓመቱ! ወንጌልን ከሰው አገር የተቀበለ ሕዝብ እንዲህ ቶሎ ላኪ ሲሆን ማየት ልብ ይሞላል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። እፍኙ የሚነሳው ከትርፍራፊ አይደለም፤ ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነው። በኵራት ማለት ይኸው አይደል? ደግሞ ዘመኑ የጥጋብ አልነበረም። በ1911 ቀርከሃው አበበ፤ ፍሬውን የበላ አይጥ ፈላና እህሉን ጨረሰው፤ ጽኑ ረሃብም ገባ። ልማዱ ያንን ሁሉ ተሻግሮ ዛሬም በየማድቤቱ አለ። ጥሬ ገንዘብ በእጇ ያልነበረ ሴት እንኳ በዚህ መንገድ ሚስዮናዊ ላከች።