አዋቂ ቤት በስልክ

በአማርኛችን «አዋቂ» የሚለው ቃል ለሁለት ጌታ የሚያድር ቃል ነው። አንደኛው ጌታው የተማረና የበሰለ ሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዕቃ የጠፋበት፣ ትዳር የተናጋበት፣ ሕልም ያስፈራው ሁሉ እጅ መንሻ ይዞ የሚሄድለት፣ መጋረጃ ጋርዶ የሚቀመጠው ሰውዬ ነው። ይኸኛው አዋቂ ዝናውን የሚያገኘው ስለሚመጣው በሚናገረው አይደለም፤ ስላለፈው በሚናገረው ነው። «ከሩቅ ነው የመጣሽው፤ የጠፋብሽ ነገር አለ» ሲላት ባለጉዳይዋ ልቧ ይከዳታል። ተራዋን ስትጠብቅ ቡና ያቀረበችላት ደግ ሴት «ከየት መጣሽ እቴ? ምን ገጠመሽ?» ብላ እንደጠየቀቻት ግን ረስታዋለች። አዋቂው ያወቀው ከዛሩ ሳይሆን ከቡና አቅራቢዋ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሰው ወደ አዋቂ ቤት ባይሄድም ግድ የለም። አዋቂው ራሱ ይደውላል።

ሐረር፣ ፈላና በር አካባቢ የባህል ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አውቃለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው ይደውልላትና በጨዋ አማርኛ ስሟን ከነአያቷ ይጠራል። የሐረሪ ቀሚስ እንደምትሸጥ ያውቃል። ትናንት ከድሬዳዋ ምን ያህል ብር እንደገባላት ያውቃል። የሒሳብ ቁጥሯንም ያውቃል። «ከባንክ ነው የምንደውለው። ሒሳብዎ ሊታገድ ስለሆነ፣ አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላት። አነበበችለት። ለዕቃ ማምጫ ያስቀመጠችው ገንዘብ ሄደ።

«ወላሂ መምህር፣» አለችኝ፣ «የገንዘቡስ ይሁን። ትናንት የገባልኝን በምን አወቀ? ስልኬ ውስጥ ቁጭ ብሏል ማለት ነው እኮ!» ስልኳን ሸጣ ሌላ ገዛች፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ለፖሊስም አላመለከተችም። ሁሉን የሚያውቅ ሰው ተከሶ ምን ሊሆን?

የቴሌግራም ገጿን አብረን ከፈትነው። ስሟ፣ ስልኳና የሒሳብ ቁጥሯ «ቅድመ ክፍያ በዚህ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ የድሬዳዋዋ ደንበኛ የከፈለችበትን ደረሰኝ ለጥፋ «ልኬያለሁ፤ ቀሚሱ መቼ ይደርሳል?» ብላለች። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ብሩ አለ። ቡና አቅራቢዋን አገኘናት ማለት ነው።

ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬአለሁና የሙያ ነገር ሆኖብኝ እንዲህ ያለውን የስልክ ንግግር እንደ ድርሰት ነው የማየው። እንደ ድርሰት ከታየ ደካማ ነው። ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አደጋ መጣ፣ ጊዜ የለም፣ እኔ አድንዎታለሁ። ገጸ ባሕርዩም መልክ የለውም፤ ጨዋ ድምፅ ያለው ጸሐፊ ብቻ ነው። ደራሲው የተጠበበው በመግቢያው ላይ ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ሦስት ትንንሽ እውነቶችን ይደረድራል፤ አራተኛው፣ ውሸቱ፣ በሦስቱ ጀርባ ታዝሎ ይገባል። ሰሙ «ከባንክ ነው»፤ ወርቁ «ቁልፍሽን አቀብዪኝ»።

እዚህ ላይ ነው ድርሰቱ ራሱን የሚያጋልጠው። ሁሉን የሚያውቅ ሰው ለምን ይደውላል? ሒሳቡን የሚከፍተውን ቁጥር ቢያውቀው ኖሮ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወስዶት በሄደ ነበር። የደወለው የሚያስፈልገውን ስለማያውቅ ነው። ስልኩ መጮሁ ራሱ የአላዋቂነቱ ማስረጃ ነው። እኛ ግን ያወቃትን ሦስት ነገር ቆጥረን፣ ያላወቃትን አንዷን ራሳችን እንሞላለታለን።

ይሄ የእኛ ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ለ39 ተማሪዎቹ «ይሄ የያንዳንዳችሁ ጠባይ መግለጫ ነው» ብሎ ወረቀት አደላቸው። ምን ያህል እንደገለጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡት ሲጠይቃቸው አማካዩ ከ4 በላይ ሆነ። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ አብዛኛውንም የቀዳው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። አጭበርባሪውም ይሄንኑ ያደርጋል። «ሰሞኑን ገንዘብ ተልኮልዎታል» ብሎ መቶ ሰው ጋ ቢደውል፣ ለስንቱ እውነት እንደሚሆን አስቡት። ያልሆነላቸው «ተሳስተሃል» ብለው ይዘጉና ይረሱታል። የሆነላቸው ሰፈር ለሰፈር ያወሩታል። ዝናው የሚሠራው በነዚህ ነው።

ቡና አቅራቢዎቹም ብዙ ናቸው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልካችን ኪስም ካዝናም ሆኗል። በስልክ ገንዘብ ልንልክ ቁጥር ስናስገባ የተቀባዩ ስም ይወጣልናል። ለተሳሳተ ሰው እንዳንልክ ይጠቅማል፤ ቁጥር ይዞ ስም ለሚፈልግም እንዲሁ ይጠቅማል። የማናውቀው ሰው ሲደውል ስሙን የሚነግሩን መተግበሪያዎች አሉ፤ ከነዚህ ውስጥ የተጠቃሚዎቻቸውን የስልክ ማውጫ የሚሰበስቡ ይገኙባቸዋል። እኔ ባልፈቅድም ወዳጄ ማውጫውን ከሰጠ ስሜ ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከፌስቡክ የተቃረሙ የ533 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ፣ ከነስልክ ቁጥራቸው፣ ለማንም በነጻ ኢንተርኔት ላይ ተበትኗል። ሥራ ፈላጊ ልጆቻችን ደግሞ የሕይወት ታሪካቸውን ከነስልካቸው ሺህ ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ይለጥፋሉ።

ወረቀቱንስ ማን ያየዋል? ከመንገድ ዳር የባቢሌ ኦቾሎኒ ስትገዙ መጠቅለያውን አንብቡት። አንዳንዴ የተማሪ ፈተና ነው፤ አንዳንዴ የሰው ስምና ፊርማ ያለበት የመሥሪያ ቤት ቅጽ ነው። ኦቾሎኒውን በልተን የሰው ምስጢር እንጥላለን።

«ስልኩ ራሱ ወሬያችንን እያዳመጠ ነው» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17 ሺህ በላይ የአንድሮይድ መተግበሪያዎች ፈትሸው፣ በስውር ድምፅ ቀርጾ የሚልክ አላገኙም። በስክሪናችን ላይ ያለውን እየቀረጹ ለሌላ ወገን የሚልኩ ግን አግኝተዋል። ስለዚህ ስልክ ከሐሜት ነጻ ነው አልልም፤ በተለይ «ሽልማት» ተብሎ ከማይታወቅ ሰው የተላከን መተግበሪያ የጫነ ሰው ሌባውን በእጁ አስገብቶታል። ለአብዛኛው የስልክ ማጭበርበር ግን ይሄ ሁሉ ጥበብ አያስፈልግም። የተለጠፈውን ማንበብ ይበቃል።

ታዲያ ጥፋቱ የነጋዴዋ ነው? አይደለም። ሱቋ ቴሌግራም ላይ ነው፤ ሒሳብ ቁጥሯን ካልለጠፈች በምን ትሸጥ? «ድሮስ ማን ለጥፊ አላት» የሚል ምክር ገበያተኛን ገበያ አትውጣ እንደማለት ነው። ይልቅ ጥያቄው መረጃችንን ሰብስበው ለያዙት መቅረብ አለበት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለን፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። አዋጅ አላነሰንም። ያነሰን ጠባይ ነው። «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» እያለ በየቀኑ መልእክት የሚልክ ተቋም፣ የራሱ ሠራተኛ በተራ ሞባይል ደውሎ «ሙሉ ስምዎንና የሒሳብ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ሲል ሰው እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን ይለየው? ሕዝቡን ለማንም ደዋይ መታዘዝ ያስለመድነው እኛው ነን።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ «ሁሉን ያውቃሉ» የሚለው እምነት ነው። እምነቱ ለአጭበርባሪው ደመወዝ ነው፤ ለተቋሙም መደበቂያ ነው። የተዘረፈው ሰው አፍሮ ዝም ይላል፤ ዝም ስላለም ማግስቱን ጎረቤቱ በዚያው ድርሰት ይዘረፋል።

ሐሰተኛ ደብዳቤ ይዞ በር ማንኳኳት ለሐረር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሐረር ሲገባ፣ በኤደን ከተቀመጠው የእንግሊዝ ሹም ለአሚር አሕመድ የተላከ የተባለ ደብዳቤ ይዞ ነበር። ደብዳቤውን የጻፈው ግን ራሱ በርተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው መጽሐፉ ይሄንኑ ነግሮናል። አሚሩ ደብዳቤውን ሲቀበሉ ምን አደረጉ መሰላችሁ? አየት አደረጉና ከአጠገባቸው አስቀምጠው ተጨማሪ ማብራሪያ ጠየቁ። «ማኅተም አለው፣ ስሜን ያውቃል» ብለው አልተርበተበቱም።

ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ስማችሁን ከነአያታችሁ ቢጠሩት፣ የትናንቱን ብር ቢቆጥሩት፣ ደብዳቤውን አስቀምጡት። ስልኩን ዝጉትና በምታውቁት ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ፤ ወይም እግራችሁን አንስታችሁ ቅርንጫፉ ድረስ ሂዱ። የተታለላችሁ እንደሆነም ተናገሩ፤ ጎረቤት ይስማ። ፈላና በርና የተቀሩት የጁገል የጥንት በሮች ሌሊት ይዘጉ ነበር፤ ቀን ግን ገበያተኛው ሲገባ ሲወጣ ይውላል። ከተማዋ የኖረችው በሯን ደፍና አይደለም። መጪውን «ማን ነህ? ምን ፈለግህ?» ብላ እየጠየቀች ነው።