ቢላ፣ ቅቤና ጉርሻ

አንዲት እናት ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ይዞባቸው ዋሽንግተን አካባቢ የተሃድሶ ሆስፒታል ተኝተዋል እንበል። ልጃቸው ከቤት ያመጣችውን እንጀራ ቆርሳ፣ በሽሮው አጥቅሳ ታጎርሳቸዋለች። ሕሙማን የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን መልሰው እንዲለምዱ የምትረዳው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ይህን አይታ በቅጹ ላይ «መመገብ» ከሚለው ፊት ዜሮ ትሞላለች።

በቅጹ ሕግ ዜሮው ትክክል ነው። የባርተል መለኪያ የሚባለው ይህ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1965 በሜሪላንድ የታተመ ሲሆን፣ ልብስ መልበስንና ደረጃ መውጣትን ጨምሮ 10 የዕለት ተዕለት ተግባራትን ከ100 ይመዝናል። በመመገብ ሙሉ 10 ነጥብ የሚያገኘው፣ ማዕዱ ከቀረበለት ወዲያ ምግቡን ራሱ ቆራርጦ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሶ፣ ቅቤ ቀብቶ የሚበላ ሰው ነው። ያዘጋጁት ሰዎች ክፋት አላሰቡም፤ ነርሷ ማንን ምን ያህል መርዳት እንዳለባት ማወቅ ነበረባት። ሆኖም የአንድ አገር ገበታ ለሁሉም አገር መለኪያ ሆነ።

ባለሙያዋ በማግስቱ ማንኪያ ይዛ ትመጣለች፤ በግራ እጅ መብላትን ልታለማምዳቸው። እናት በግራ መብላት ነውር ነው ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። መዝገቡ ላይ «አትተባበርም» ተብሎ ይጻፋል። ማንም አልሰደባቸውም፤ ቀጣዩ ባለሙያ ግን ከእሳቸው በፊት ያንን ቃል ያገኛል።

የአንድ አገር ገበታ እንዴት መለኪያ እንደሆነ የሙያው መነሻም ፍንጭ ይሰጣል። በመጋቢት 1917 ኒውዮርክ ግዛት፣ ክሊፍተን ስፕሪንግስ ተሰብስበው የአሜሪካን ማኅበር የመሠረቱት ስድስቱም ነጮች ነበሩ። በ1952 የዓለሙን ፌዴሬሽን ከመሠረቱት አሥር አገሮች አንዷ በአፓርታይድ ሥር የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ራስን መቻል የጤና ሁሉ መደምደሚያ ነው የሚለው እምነትም በሙያው መማሪያ መጻሕፍት ተጓዘ።

ይህን እምነት በግልጽ ከሞገቱት አንዱ ጃፓናዊ ካናዳዊው ማይክል ኢዋማ ነው። ከጃፓን ባለሙያዎች ጋር ያዳበረው፣ በ2006 በመጽሐፍ የወጣው የካዋ ሞዴል ስሙን ያገኘው ከወንዝ ነው። ውሃው ሕይወት፣ ድንጋዮቹ ችግሮች፣ ዳርቻና ወለሉ ደግሞ ቤተሰብን ጨምሮ በሰውየው ዙሪያ ያለው ሁሉ ነው። ውሃው የሚያልፍበትን ክፍተት ማስፋት የባለሙያው ሥራ ይሆናል። በዚህ ዓይን ሲታይ የምታጎርሰው ልጅ የወንዙ አካል ናት። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኤሌልዋኒ ራሙጎንዶ፣ በየቀኑ የምናደርጋቸው ነገሮች የበላይነትን እንዴት እንደሚያቆዩ በጽሑፎቿ አሳይታለች።

ጥያቄው ኢትዮጵያም ደርሷል። ሙያውን ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ማስተማር የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ውጭ አገር የተዘጋጀውን ቅጽ ይዞ በመሶብ ዙሪያ ከሚበላ ቤተሰብ ፊት ይቀመጣል።

ወደ እኒያ እናት እንመለስ። ሌላ ባለሙያ ገብታ፣ ወንበር ስባ፣ «እማማ፣ እጅዎ ቢታዘዝልዎ መጀመሪያ ምን ያደርጉበት ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። እናት የልጅ ልጃቸውን ማጉረስ ይላሉ። ይህ በሙያው ዓይን ራስን ከመመገብ የከበደ ሥራ ነው፤ ጣቶች እንጀራውን ጠቅልለው መያዝ፣ ክንድ ከትከሻ ተነሥቶ መዘርጋት፣ እጅ ሳይንቀጠቀጥ የሌላ ሰው አፍ ዘንድ መድረስ አለበት። ባለሙያዋ በዚያው ቀን በጨርቅ ቁራጭ ልምምዱን ታስጀምራቸዋለች። ቅጹ ላይ ለማጉረስ የተሰጠ ረድፍ የለም፤ ግቡን ከኅዳጉ ላይ በእጇ ትጽፈዋለች።