ሙት ወቃሽና የሙት ጠበቃ፦ የኤሮል ፍሊን አድናቂዎች በመዛግብት ፊት

የሆሊውድ ተዋናዩ ኤሮል ፍሊን በ1959 ቫንኩቨር ላይ በ50 ዓመቱ ሲሞት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስለ ሕይወቱ የሚነገሩ ሁለት ታሪኮች ነበሩ፤ ሁለቱም የሚታመኑ አልነበሩም። አንዱን የጻፈለት ዋርነር ብራዘርስ ነው። ስቱዲዮው በ1935 «ካፒቴን ብለድ» በተሰኘው ፊልም ስሙን ሲያስጠራው ለጋዜጦች ያደለው ወሬ አየርላንዳዊ ያደርገዋል። ሌላውን ራሱ ጃማይካ ተቀምጦ ለጸሐፊው ለኧርል ኮንራድ ተርኮለት በግለ ታሪክነት ታትሟል፤ በዚያም ውስጥ የሆነውና ቢሆን ብሎ የተመኘው ሳይለዩ ይፈሳሉ። እውነቱ ግን ፍሊን በ1909 የተወለደው በአውስትራሊያ፣ በታዝማኒያዋ ሆባርት ነው። አባቱ ቴዎዶር ቶምሰን ፍሊን በታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህር ነበሩ። እኚህ ሰው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቤልፋስት በሚገኘው የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆነው በመሄዳቸው የስቱዲዮው ፈጠራ ያላሰበውን መደገፊያ አገኘ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ፈትሾ ገለባውን ከፍሬው የመለየቱን ሥራ ዩኒቨርሲቲዎች ቸል ብለውት ስለቆዩ ሸክሙ በአብዛኛው የወደቀው በአድናቂዎች ትከሻ ላይ ነው። እኔ ይህን ሥራ በአክብሮት አየዋለሁ። ሆኖም ልብ ሊባል የሚገባው ጉድለት አለበት፦ አድናቂው የሚወደው ሰው ሲከሰስ ከሳሹን የሚመረምርበትን ጥብቅ ሚዛን፣ ያው የሚወደው ሰው ሌላውን በድሎ ሊሆን በሚችልበት ቦታ ወደ ጎን ይተወዋል።

መጀመሪያ ምስጋናው ይቅደም። ቶኒ ቶማስ፣ ሩዲ ቤልመርና ክሊፎርድ ማካርቲ በ1969 የፍሊንን ፊልሞች አንድ በአንድ የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተሙ። በ1975 ደግሞ ጆን ሃሞንድ ሙር ከሆሊውድ በፊት በነበረው ወጣት ላይ አተኩሮ ጻፈ። የዋርነር ብራዘርስ መዛግብት ለደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከተሰጡ በኋላ ቤልመር የስቱዲዮውን የውስጥ ማስታወሻዎች መርጦ በ1985 ለአንባቢ አቀረበ፤ በዚህም የተዋናዩ ዝና በምን ዓይነት ጭቅጭቅና ስሌት እንደተገነባ ማንም ሊያነበው ቻለ።

የአድናቂ ምርምር ክንዱን ያሳየው ግን በቻርልስ ሃይም መጽሐፍ ጊዜ ነው። ሃይም በ1980 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ ፍሊን ለናዚ ጀርመን ይሰልል ነበር ሲል ከሰሰ። የክሱ ምሰሶ ኦስትሪያዊው ሐኪም ኸርማን ኤርበን ነበር። ኤርበን የናዚ ፓርቲ አባል መሆኑ፣ ከፍሊን ጋር መወዳጀቱ፣ በ1937ም የእርስ በርስ ጦርነት ወደሚያምሳት ስፔን አብረው መጓዛቸው ሐቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የጓደኛን ኃጢአት ወደ ጓደኛ ማሻገር ነው። ሃይም ራሱ ሲጠየቅ ፍሊን ሰላይ ነበር የሚል ሰነድ በእጁ እንደሌለ፣ ድምዳሜው ላይ የደረሰው ፍንጮችን ገጣጥሞ እንደሆነ ተናግሯል።

የፍሊን ሴቶች ልጆች ክስ መሠረቱ፤ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ1983 አልተቀበላቸውም። በሕጉ መሠረት የሞተ ሰው ስም ማጥፋት ለዘመዶቹ የመክሰስ መብት አይሰጥም። በእኛ ዘንድ ስለ ሟች ክፉ ከመናገሩ በፊት «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚል ሰው ቢያንስ ኅሊናውን ይፈራል፤ በዚያ ችሎት የሟች ስም የሚያስጠብቅለት ሕግ አልነበረውም። ሕጉ በሩን ሲዘጋ የቀረው መንገድ መዝገቡን መክፈት ብቻ ሆነ።

አድናቂዎቹም ከፈቱት። ዊልያም ዶናቲ፣ የፍሊን ወዳጅ የነበረው የአደገኛ ትዕይንት ባለሙያ በስተር ዋይልስ በ1988 ካሳተመው ትውስታ ጋር፣ ቶኒ ቶማስም በ1990 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሃይም የጠቀሳቸውን የመንግሥት ሰነዶች ከዋናዎቹ ጋር አስተያዩ። በመጽሐፉ የሰፈረው ቃል በመዝገቡ ካለው ቃል ጋር አልገጠመም፤ ሰነዱ ተለውጦ ቀርቧል። ነገርን ከሥሩ ማለት ይህ ነው። የቪየናው ዮሴፍ ፌገርል ደግሞ የኤርበንንና የፍሊንን ወዳጅነት የሚመለከቱ ሰነዶችን ሰብስቦ በ1985 ማሳተሙን ከሁሉ አብልጬ አደንቃለሁ፤ ጓደኝነቱን ከመሸሸግ ይልቅ ማንም እንዲፈርድ ፊት ለፊት አኖረው። በአንጻሩ ፍሊን በሕይወቱ ማብቂያ ከፊደል ካስትሮ ጎን መታየቱን ለ1937ቱ ክስ ማስተባበያ አድርገው የሚያቀርቡ ተከራካሪዎች አሉ። የ1959 አቋም የ1937ን አያስረዳምና ይህ ክርክር አያስኬድም።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ይዘን ወደ 1943 ችሎት እንሂድ። ፍሊን ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ሁለት ልጃገረዶች ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጽሟል ተብሎ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተከሰሰ፤ የጁሪ ዳኞቹም ነፃ አወጡት። በብዙ የአድናቂ ጽሑፎች ጉዳዩ እዚህ ላይ ይዘጋል። ነፃ መባሉ መነገር አለበት፤ ማንም ሊሽረው አይገባም። ነገር ግን ፍርዱ የሚመልሰው ዐቃቤ ሕግ ክሱን አስረድቷል ወይ የሚለውን ጥያቄ ነው። ጠበቃው ጄሪ ጊስለር መከላከያውን ያነጣጠረው በልጃገረዶቹ ጠባይ ላይ ነበር። የሃይምን ገጾች ቃል በቃል ያመሳከረ ተመራማሪ፣ ሁለቱ ልጆች በመሐላ የሰጡትን ቃልና መስቀለኛ ጥያቄውን በዚያው ትዕግሥት ማንበብ ምን ያግደዋል?

የኒው ጊኒው ዘመን ከዚህም ይብሳል። ፍሊን ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአውስትራሊያ አስተዳደር ሥር በነበረው በዚያ ምድር ትንባሆ አልምቷል፤ ለእርሻና ለማዕድን የሚሆኑ የአገሬውን ጉልበት ሠራተኞችም መልምሏል። አድናቂዎች የት እንደነበረ የሚያውቁት በከፊል ከጋዜጣ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ያደረጋቸው «ራባውል ታይምስ»ን የመሳሰሉ ጋዜጦች የመርከብ ተሳፋሪዎችን ስም ያትሙ ነበር፤ ስሙን በቀኑ ይዞ የሚከተል ሰው የግለ ታሪኩን የዘመን ቅደም ተከተል ማረም ይችላል። ሮበርት ፍሎርዛክ በ2022 ያሳተመው ሰፊ የሕይወት ዜና መዋዕልም የዚህ ዓይነቱ ትጋት ማሳያ ነው። በዚያ የተሳፋሪዎች ዓምድ ግን በስም የሚጠሩት በአብዛኛው ነጮቹ ናቸው። ተመልምለው የሚጫኑት ሰዎች ከነማንነታቸው አይታዩም።

ፍሊን በግለ ታሪኩ በዚያ አገር የአገሬውን ሰው ገድለሃል ተብሎ መከሰሱንና ነፃ መውጣቱን ይተርካል። ከታሪኩ ጋር አብሮ የሚነሳው የተለመደ ጥያቄ «እውነት ነው ወይስ ጉራ?» የሚል ነው። ጥያቄው አግባብ ነው፤ ግን አሁንም መሐሉ ላይ የቆመው ፍሊን ነው። እውነት ከሆነ ሟቹ ማን ነበር፣ ከየትኛው መንደር፣ በማን ውል? የቅኝ አስተዳደሩ የምልመላ፣ የጥበቃ ጉብኝትና የፍርድ ቤት መዛግብት ሊነበቡ የሚገባቸው ለእነዚህ ጥያቄዎች ጭምር ነው። የፓፑዋ ኒው ጊኒ የታሪክ ባለሙያዎችም በዚህ ንባብ ላይ ባለቤት ሆነው መቀመጥ አለባቸው። ያ እስኪሆን የፍሊን አድናቂዎች የጻፉት ታሪክ በስለላው ክስ ላይ የተሟላ፣ በኒው ጊኒ ላይ ግን ግማሽ ነው።