ቀለሙ የጋረደው ወንዝ
የወለቃን የጉብኝት ቤቶች ስንመዝን

በአገራችን ልማድ የሰው ቤት የሚገባው ለቡና ሲጠሩ፣ ለደስታ ወይም ለልቅሶ ነው። ገንዘብ ከፍሎ የሰው ጓዳ ማየት የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። እዚህ አገር ከገባን ወዲህ ግን ይህንንም ለመድን። ልጆቻችን የሐደራን ኻን ሊጎበኙ ይሄዳሉ። አድገው ሥራ የያዙት ደግሞ ለዕረፍት አውሮፓ ሲሄዱ ወይም የወላጆቻቸውን አገር ለማየት ጎንደር ሲወጡ፣ ከአሮጌ ቤት ደጃፍ ቆመው የተነሡትን ፎቶግራፍ ይልኩልናል።

ከእነዚህ ፎቶግራፎች አንዱ ደጋግሞ ይመጣል። የተነሣው ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በወለቃ መንደር ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ በላዩ ላይ በደማቅ ቀለም የተሳለ የዳዊት ኮከብ፣ ከበሩ አጠገብ የተደረደሩ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች ይታያሉ። በሐደራ ገበያ ለሰንበት የሚሆናቸውን ሊሸምቱ የወጡ እናቶችና አባቶች ይህን ፎቶግራፍ ከልጆቻቸው ስልክ ላይ ሲያዩት ሁለት ዓይነት ወሬ ይነሣል። አንዱ ወገን «ስማችን አልጠፋም፤ ይኸው እዚያ አለ» ብሎ ይደሰታል። ሌላው ደግሞ «ይህ የማን ቤት ነው? የእኛ ቤት እንዲህ አልነበረም» ይላል። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ወገኖች ክርክር ለመመዘን እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ለወለቃ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። እንደሚታወቀው ወገናችን በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሕዝብ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተጓጉዞ ወደ እስራኤል ሲገባ፣ መንደሮቹ ባለቤት አልባ ሆነው ቀሩ። በጎንደር አውራጃዎች ተበትነው የነበሩት ብዙዎቹ መንደሮች ዛሬ አላፊ አግዳሚው ማን ይኖርባቸው እንደነበር የሚያውቅበት ምልክት የላቸውም። ወለቃ ግን ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ዳር በመሆኗ ስሟ አልተረሳም። ጸሎት ቤቱ ይታያል፤ የሸክላ ሥራውም ቀጥሏል።

ሸክላውን አሁን የሚሠሩትና የሚሸጡት ከእኛ በኋላ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። በዚህ ቅር የሚሰኙ አሉ። እኛ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ይገባል እንላለን። አያቶቻችን ርስት ተነፍገው፣ በሸክላ፣ በብረትና በሽመና ሥራ ሲተዳደሩ «ቡዳ» እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። ያ የተናቀ ሙያ ዛሬ ለጎረቤት ልጆች እንጀራ ሆኗል። ከዚህ የበለጠ የሙያውን ክብር የሚመሰክር የለም። ስለዚህ ነቀፌታችን እንጀራዋን ለማግኘት በምትደክም ሸክላ ሠሪ ላይ አይደለም። የምንነቅፈው ጎብኚው «የቤተ እስራኤል ቤት ይህ ነው» ተብሎ የሚነገረውን ታሪክ ነው።

ከኮከቡ እንጀምር። በየመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የዳዊት ኮከብ መሳል የአያቶቻችን ልማድ አልነበረም። ኮከቡ ወደ እኛ የመጣው በሃያኛው መቶ ዓመት፣ ዶክተር ፋይትሎቪች በ1904 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገራችን ከመጡ በኋላ ከውጭው ዓለም አይሁድ ጋር ግንኙነቱ እየጠነከረ ሲሄድ ነው። መዙዛም በደጃፋችን አልነበረም። እንግዲህ ግድግዳው ላይ የተቀባው ኮከብ የሚናገረው ለማን ነው? ከውጭ ለሚመጣው ጎብኚ ነው። እርሱ በሚያውቀው ምልክት «እዚህ ቁም» ይለዋል እንጂ የነበሩትን ሰዎች አኗኗር አይነግረውም።

ስሙም እንደዚሁ ነው። ለብዙ ዓመታት በመንገዱ ዳር እንግዳ ሲጠራ የኖረው ምልክት «የፈላሻ መንደር» የሚል ነበር። ይህ ስም ፈላሲ፣ መጻተኛ፣ መሬት የሌለው የሚል ስሜት ያለው፣ ሌላው የሰጠን ስም ነው። እኛ ራሳችንን ቤተ እስራኤል እንላለን። በሰው ደጃፍ ላይ ስም የሚጻፍ ከሆነ ባለቤቱ የሚጠራበት ስም ሊጻፍ ይገባል።

ስለ ሸክላ ምስሎቹም አንድ ነገር እንበል። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ ላይ፣ ኮከብ ያለበት አንበሳና የመሳሰሉት ለፈረንጅ ጎብኚ የተፈጠሩ ናቸው። ይህን ንግድ የጀመሩት ራሳቸው የእኛ እናቶች መሆናቸውን መካድ አይገባም፤ ችግር ብልሃት ያስተምራል። ነገር ግን እናቶቻችን ወደ ገበያ ተሸክመው የሚወጡት እንስራ፣ ጀበና፣ ድስትና ምጣድ ነበር። ጎብኚው አንበሳውን ገዝቶ እንስራውን ሳያይ ከተመለሰ፣ ጌጡን ይዞ ኑሮውን ትቶ ሄደ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን የማይታየው ነገር ነው። እርሱም ወንዙ ነው።

የቤተ እስራኤል መንደር የሚቆረቆረው ወንዝ ወይም ምንጭ ተፈልጎ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ሰንበትን መቀበል ሕግ ነበር። ባዕድ የነካ ሳይታጠብ ከሰው አይቀላቀልም ነበርና ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» እያሉ ይጠሩን ነበር። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከቤቷ ወጥታ በመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ትቆያለች፤ ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ተለይታ ትቀመጣለች። ጊዜው ሲደርስ ወንዝ ወርዳ፣ ልብሷን አጥባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የጎጆውን ዙሪያ የሚከበው የድንጋይ ረድፍ ወሰን ነው፤ ምግብ የሚያቀብላት ሰው ከዚያ አያልፍም።

እንግዲህ የአይሁድነታችን ምልክት ግድግዳው ላይ አልነበረም። ቤቱ በቆመበት ቦታ፣ ወደ ውኃው በሚወርደው መንገድ፣ ለብቻዋ በምትታየው ጎጆና በተደረደረው ድንጋይ ላይ ነበር። አንድ ጎብኚ መንገዱ ዳር ቆሞ ባለ ኮከቡን ግድግዳ ፎቶ አንሥቶ ከሄደ፣ የመንደሩን ግማሽ አላየም። ቀለሙ ወንዙን ጋርዶበታል።

የወለቃን ጉዳይ በትክክል ለመመዘን በቀለሙ የታወቀ ሌላ የወንዝ ዳር ከተማ አጠገቡ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ይህም ኳስ የሚከታተሉ ልጆቻችን በቡድኑ ስም የሚያውቁት ጂሮና ነው። ከተማው በስፔን አገር በካታሎንያ፣ ከባርሴሎና በስተ ሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። በከተማው መካከል ኦንያር የሚባል ወንዝ ያልፋል። በወንዙ ዳር እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙት ረጃጅም ቤቶች ቢጫ፣ ቀይ፣ ብርቱካንማና የሸክላ መልክ ተቀብተው ውኃው ላይ ሲታዩ በእርግጥ ያምራሉ። በ1877 የተሠራው የኤፌል ኩባንያ የብረት ድልድይ ላይ ቆሞ ይህን ያላነሣ ጎብኚ የለም ማለት ይቻላል።

ይሁንና ያ ቀለም የጥንት አይደለም። በ1980ዎቹ ከተማው አሮጌዎቹን ቤቶች ሲያድስ ሠዓሊዎችና አርክቴክቶች መርጠው ያወጡት ነው። ስለዚህ አዲስ ቀለም መቀባት ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ጂሮናም ቀብታለች። ልዩነቱ ያለው ከቀለሙ በስተ ጀርባ ነው። ከወንዝ ዳሮቹ ቤቶች አንዱ፣ ቤተ ማሶ የሚባለው፣ ከ2012 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። አርክቴክቱ ራፋኤል ማሶ በ1880 የተወለደበት ቤት ነው። ቤተሰቡ በየጊዜው የገዛቸው አራት ቤቶች ተያይዘው አንድ ሆነዋል። ጎብኚዎች በትንሽ ቡድን፣ አስቀድመው ተመዝግበው ይገባሉ። የቤተሰቡን ዕቃ፣ የተመገቡበትን ገበታና ወንዙን የሚያዩበትን መስኮት ያያሉ። ወንዙም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በ1940 ሞልቶ ከተማውን ያጥለቀለቀ ነው። ጎብኚው ከዚያ ሲወጣ ማን እንደኖረ፣ እንዴት እንደኖረ ያውቃል።

በዚያው ከተማ ለእኛ ለአይሁድ የበለጠ የሚናገር ሌላ ሥፍራም አለ። ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ በሚገኙት ጠባብ መንገዶች ከዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የአይሁድ ማኅበር ይኖር ነበር። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስሙን የሚሰሙት ራምባን በ1194 የተወለደው እዚያ ነው፤ በ1267 ወደ እስራኤል ምድር መጣ። በ1391 ማኅበሩ ጥቃት ደረሰበት፤ በ1492 ደግሞ በነገሥታቱ አዋጅ ከአገር ተባረረ። ዛሬ በዚያ ሰፈር በአንዳንድ በር መቃን ድንጋይ ላይ መዙዛ የነበረበት ጠባብ ስንጥቅ ይታያል። ቀለም የለውም፣ ጽሕፈት የለውም፣ ባዶ ነው። ነገር ግን ጣቱን የነካበት ሰው በዚያ በር ማን ይገባና ይወጣ እንደነበር ይገባዋል።

ይህን ሳንዘነጋ ልዩነቱንም እናስተውል። የጂሮና አይሁድ ከተባረሩ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ታሪካቸውን የሚናገሩት ሙዚየሙና ሊቃውንቱ ናቸው፤ የመቃብር ድንጋይ እያነበቡ፣ የድሮ ወረቀት እየገለጡ። «እናቴ በዚህ ቤት እንዲህ ታደርግ ነበር» የሚል አንድ ሰው እንኳ የላቸውም። እኛ ግን አለን። በመርገም ጎጆ ያደሩ፣ በአራስ ጎጆ የወለዱ፣ ሸክላ የተኮሱ፣ ጭቃ አቡክተው ቤት የመረጉ እናቶችና አባቶች ዛሬም እዚሁ ሐደራ ውስጥ፣ በጊቭዓት ኦልጋም በቤት ኤሊዔዜርም ይኖራሉ። የወለቃ ግድግዳ ዝም ቢልና ቢሳሳት የሚያርመው ሰው እዚህ አለ። ይህ ሀብት ግን የሚቆይ አይደለም። በየዓመቱ ከሽማግሎቻችን እየተቀነሰ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «የመርገም ጎጆን ለልጅ መንገር፣ ለእንግዳ ማሳየት ምን ያደርጋል? ያሳፍረናል» የሚሉ አሉ። ሌሎች እናቶች ደግሞ «ከሥራ የምናርፍበት፣ ከጓደኛ ጋር የምንጫወትበት ጊዜ ነበር» ይላሉ። ብርዱንና ብቸኝነቱን የሚያስታውሱም አሉ። ሦስቱም እውነት ነው። ታሪክ የሚበላሸው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሲነገር ነው፤ ከዚያም ይልቅ ማንም ሳይናገረው ቀርቶ በምትኩ ኮከብ ሲቀባ ነው። ሴት ልጆቻችን ይህን ከቱሪስት አስጎብኚ ከሚሰሙት ከአያቶቻቸው ቢሰሙት ይሻላል።

ምሳሌ ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በከተማችን ያለው ኻን ያላማረ የድንጋይ ግቢ ነው። ነገር ግን በ1891 ሐደራ ስትቆረቆር ከሩሲያ ግዛት የመጡት ሰፋሪዎች የተጠለሉበት ነው። ከረግረጉ በተነሣ ወባ ምን ያህል ሰው እንዳለቀ፣ ረግረጉን ለማድረቅ ባሕር ዛፍ እንዴት እንደተተከለ ልጆቻችን እዚያ ይማራሉ። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የወላጆቻቸውን ነገር ጠብቀው ስለነገሩ ግቢው አፍ አወጣ። የእኛም ልጆች የእነርሱን ታሪክ ያውቃሉ። የራሳቸውን አያቶች ታሪክ ግን ከተቀባ ግድግዳ ፎቶግራፍ ብቻ ካወቁት ትልቅ ጉድለት ነው።

ስለዚህ ፍርዳችን እንዲህ ነው። ወለቃ ሊጎበኝ ይገባዋል፤ እንደ ደጃፍ እንጂ እንደ ቤት ሆኖ ግን አይደለም። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት የእስራኤል መንግሥት ዜጎቹን ከጎንደርና ከባሕር ዳር እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። ስለዚህ ጉዞ የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ የመንግሥትን ማስጠንቀቂያ ይጠይቅ። የሚሄድ ቢኖር ግን ከመነሣቱ በፊት እናቱንና አያቱን ቁጭ ብሎ ይጠይቅ፦ መንደራችሁ ማን ይባል ነበር? ውኃ የምትቀዱት ከየት ነበር? የመርገም ጎጆው ከቤቱ በየት በኩል ነበር? ጸሎት ቤቱስ? ምን ሸክላ ትሠሩ ነበር? መልሱን በስልኩ በድምፅ ይቅዳ፤ ቢቻል በአማርኛም በዕብራይስጥም ይጻፈው። እዚያ ሲደርስም አስጎብኚውን «ወደ ወንዙ ውሰደኝ» ይበለው።

መሄድ የማይችለውም አልቀረበትም። የወንዙን መንገድ የሚያውቁት ሰዎች ከሐደራ ገበያ እስከ ቤታቸው ዘንቢል ተሸክመው ሲሄዱ በየሳምንቱ እናገኛቸዋለን። ዘንቢሉን ተቀብሎ አብሮ መሄድና መጠየቅ ትኬት አያስቆርጥም።